«ተዪው፣ በእኛ ይሁን»

በግብፅዋ ዱምያጥ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር፣ እንደ እንጨት ቀራጩ ኡስታ ሩሽዲ መሮ መያዝ የሚችል የለም፤ እንደሱ አፉን መያዝ ያቃተውም የለም። እኔ መትወሊ ነኝ፤ ከሱ ወርክሾፕ አጠገብ ሶፋና ወንበር ጨርቅ አለብሳለሁ። የማወራው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው።

ወርክሾፑን ለሩሽዲ ያወረሰው አባቱ ነው። ግማሹ ግን ዛሬ የሚስቱ ወንድም የሸውቂ ነው፤ ሸውቂ ደግሞ እንጨት ሲያይ የሚታየው ማገዶ ነው። «የተቀረጸ ወንበር የሚገዛ ሰው ጠፍቷል፤ ዶሮ የማይበላ ግን አላየሁም» ይላል። በመጨረሻ ቁርጡን ተናገረ፦ እስከ ትልቁ ዒድ የረባ ገዢ ካልተገኘ ወርክሾፑ ዶሮ መጥበሻ ይሆናል። ሩሽዲም «የእኔ ገዢ ባሕር ማዶ ነው» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፈተ።

ገጹን ያየሁ ቀን ሌላ ሩሽዲ ያለ መስሎኝ ነበር። «ሁለት መቶ ሠራተኞች ያሉት ፋብሪካ» ይላል። ሠራተኞቹ እሱ፣ የአጎቱ ልጅ ዓዋድና አንዲት ቀይ ድመት ናቸው። ፎቶው ላይ ያለው ሕንጻ ቤተ መንግሥት ነው፤ የማን እንደሆነ እሱም አያውቅም። «በመላው ዓለም የታመነ» የሚልም አለበት። ሰውየው ለዒድ ያለውን ዕቃ ለቀጣዩ ዒድ የሚያደርስ ስለሆነ ከወንዙ ማዶ ያሉት እንኳን አያምኑትም።

«ኡስታ፣ ይሄ ውሸት አይደለም?» አልኩት።

«ማስታወቂያ ነው። ሙሽራ ስትዳር አትኳልም?»

በእንግሊዝኛ የምትጽፍለት ልጁ ኢንሳፍ ናት፤ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ለማያውቀው ሰው ሁሉ «ውድ ወንድሜ» እያስባለ ሲያስልካት ከረመ። የመለሰለት አንድ ቻይናዊ ብቻ ነበር፤ እሱም ወንበር ሊሸጥለት ፈልጎ ነው።

ከዚያ ቢርጊተ መጣች። ዴንማርክ ውስጥ፣ ባሕር ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴትዮ ናት። ሰላምታዋ አጭር፣ ጥያቄዋ ብዙ። ሕንጻው የት ነው? ሠራተኞቹን በቪዲዮ ማየት እችላለሁ? ከዚህ በፊት የገዛህን ሰው ታገናኘኛለህ?

ሩሽዲ ተንጨረጨረ። «ሌባ ነህ ነው የምትለኝ? እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሰፈሩን ትጠይቅ።»

«አባባ፣ ዴንማርክ ሆና ሰፈሩን በምን ትጠይቅ?» አለች ኢንሳፍ።

እኛ ዘንድ ሰው የሚታመነው ሻይ አብሮ ሲጠጣና ሲምል ነው። ሻይ በስልክ አይላክም፤ ስለዚህ መሐላው ብቻ ቀረው። «እንጨቴ ደረቅ ካልሆነ ሚስቴ ትፈታ፣ ትፈታ ብያለሁ፣ በአባቴ መቃብር» አለ። ኢንሳፍ «እንጨቱ ደረቅ ነው» ብላ ላከች። እንግሊዝኛ ባያነብም የመስመር ርዝመት ያውቃልና ተቆጣ።

«እኔ ያን ሁሉ ተናግሬ አንቺ ይቺን ብቻ? ከዛሬ ጀምሮ ቃል በቃል ተርጉሚ። አንዲት ቃል እንዳታስቀሪብኝ።»

«ቃል በቃል?»

«ቃል በቃል አልኩ።»

ልጅቷ እልኸኛ ናት፤ ሚስት መፍታቱንም መቃብሩንም ላከችው። ቢርጊተ «ባለቤቱ ጉዳዩን ታውቃለች?» ብላ መለሰች። ኢንሳፍ ጮክ ብላ ስታነበው ነጃት፣ የሩሽዲ ሚስት፣ ምሳ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። «አላውቅም። ግን ፊርማዬ ካስፈለገ እፈርማለሁ» አለች።

ውሸቶቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ቢርጊተ ትጠይቃለች፣ ሩሽዲ ይፎክራል፣ ኢንሳፍ «ወይ እውነቱን፣ ወይ ሌላ ጸሐፊ ፈልግ» ትላለች። መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ ተነሳ፤ ሁለት መቶው ሠራተኛ ተሰናበተ። ገጹ ላይ ሩሽዲ፣ ዓዋድና የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ የተኛችው ድመት ብቻ ቀሩ። ለሩሽዲ ራቁቱን አደባባይ የመቆም ያህል ነበር። ሴትየዋ ግን በዚያው ዕለት ጻፈች፦ «አሁን አመንኩህ። ስድስት ወንበር ሥራልኝ። ከወደድኳቸው የማረፊያዬን ዕቃ ሁሉ አንተ ትሠራለህ።»

እውነቱን ለመናገር በወንበሮቹ ቀንቻለሁ። በየጀርባቸው ላይ የቀረጸው ጽጌረዳ እጅ ሲያርፍበት ቅጠሉ የሚታጠፍ ይመስላል። መቀመጫቸውን በአረንጓዴ ቬልቬት ያለበስኩት እኔ ነኝ። ደግሞ ለአንድ ጊዜ እንኳን በቀጠሮው ቀን ጨረሰ።

ወንበሮቹን በቪዲዮ ለማሳየት በተቀጠረው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወርክሾፑ ውስጥ ታጨቀ። ነጃት ሽሮፑ የሚንጠባጠብ መሸበክ የተባለውን ጣፋጭ ገዝታ መጣች። ሸውቂ ጥግ ይዞ ጥርሱን ይፍቃል። ቢርጊተ ወንበሮቹን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው፣ እግራቸውን አስገልብጣ አየች፣ ከዚያ ፊቷ በራ።

«በጣም ያምራሉ። ስንት ልላክ?»

እዚህ ላይ ሩሽዲ ማንኛውም የዱምያጥ ሰው የሚያደርገውን አደረገ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር አደረገና «ተዪው፣ በእኛ ይሁን» አለ።

እኛ አገር ይህን የማይል ነጋዴ ባለጌ ነው፤ ሰምቶ ዝም የሚል ገዢ ደግሞ አልተወለደም። ገዢው «ወላሂ አይሆንም» ይላል፣ ሻጩ «ወላሂ ይሆናል» ይላል፣ ትንሽ ይጓተታሉ፣ ከዚያ ዋጋው ይነገራል። የፓስታ ስጎ ስትገዛም እንዲሁ ነው።

ኢንሳፍ አባቷን አየችው። ቃል በቃል ተረጎመች።

ቢርጊተ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ደጋግማ አመሰገነች፣ የአጓጓዥ መኪና ልካ እንደምታስወስዳቸው ነገረችን፣ ስልኩም ተዘጋ።

«ምን አለች?» አለ ሩሽዲ።

«እሺ አለች።»

«እሺ ምን?»

«እሺ፣ ይሁን በእናንተ።»

መሸበኩን የሚያኝክ ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ሩሽዲ ግን ሳቀ። «አፍራ ነው። ነገ ደውላ ትለምነኛለች» አለ። በማግስቱ የመጣው ስልክ ሳይሆን መኪናው ነው። ወንበሮቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ የጫናቸው ራሱ ነው፤ እንዳይፋቁ ብሎ ሹፌሩን ሲማጸነው በዓይኔ አይቻለሁ።

«አባባ፣ ሒሳቡን ልጻፍላት። ትረዳናለች፣ ክፉ ሰው አይደለችም» አለች ኢንሳፍ።

«በአፌ ተዪው ካልኩ በኋላ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው አሁን ምን እያለህ ነው?» አልኩት፤ በጣም አናዶኝ ነበር። ሚስቱን በየቀኑ በመሐላ ሲፈታ ያላፈረ ሰው፣ የላቡን ሲጠይቅ ምን አሳፈረው? ያቺ ሴትዮ ሕንጻውን አጣርታ፣ ሠራተኛውን አጣርታ፣ እንጨቱን አጣርታ፣ ሳታጣራ ያመነችው ያቺን ቃል ብቻ ነው።

ዒዱ ሲቃረብ ቢርጊተ ጻፈች። ወንበሮቹ ደርሰዋል፣ እንግዶቿ ወደዋቸዋል። የቀረውን ዕቃ ግን ከሌላ ቦታ ልትገዛ ነው፤ «እንዳንተ ካለ ቸር ሰው ከዚህ በላይ መውሰድ ነውር ነው» ትላለች። ውለታውን ለመመለስም ገጹ ላይ «በሕይወቴ እንዲህ የታመነ ሰው አላየሁም፤ ወንበር በነፃ ሰጠኝ» ብላ አመሰገነችው። ከዚያ ወዲህ ከየአገሩ የሚመጣው መልእክት ማቆሚያ አጣ። ሁሉም በነፃ ወንበር ፈላጊ ነው።

ከዒድ በኋላ የሩሽዲ አባት የሥራ ጠረጴዛ ከወርክሾፑ ወጥቶ በቦታው የዘይት መጥበሻ ገባ።

ሸውቂ ዶሮ መጥበሻ ቤቱን የከፈተ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ሊመርቅ ሄደ። ሩሽዲ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ ሁለት ሙሉ ዶሮ አዘዘ።

«ስንት ነው?»

ሸውቂ ሰው ሁሉ እያየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ተወው ኡስታ፣ በእኛ ይሁን።»

«እሺ» አለ ሩሽዲ።

ከረጢቱን አንስቶ ዞረ። የሸውቂ እጅ ደረቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ድንችም ጨምርበት» አለው ሩሽዲ፣ መለስ ብሎ። ጨመረለት፤ ምን ያድርግ?

ዶሮውን እኔ ደጃፍ፣ ቬልቬቱ በተነሳ አሮጌ ሶፋ ላይ ተቀምጠን በላነው።

«ይጣፍጣል?» አልኩት።

«የአባቴ ቤት ነው የተጠበሰው። ለምን አይጣፍጥ?» አለና አጥንቱን ለድመቷ ወረወረላት።