በቀይ እስክሪብቶ የታረመው ቀስት

መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። ከወገብ በታች ያለው ቀለም በሰው ጀርባ ተፍቆ አልቋል። የታሰርኩት ልደታ ውስጥ ባለ አንድ ግቢ ነበር፤ ጠዋት የልደታ ማርያም ጸሎት በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ ከዚያ የታክሲ ረዳቶች «አብነት! አብነት!» ይላሉ። ቤቴ አብነት ነው። በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ስለታሰሩ ባልደረቦቼ ስብሰባ ላይ በመናገሬ ቤቴ ሲፈተሽ፣ ከመጻሕፍቱ ሁሉ መርጠው የወሰዱት የሥራ ደብተሬን ነው። ውስጡ ያለው ስኳር ነው፦ ስኳር ከአሲድ ጋር ሲሞቅ ሦስት ጊዜ ውሃ እየጣለ ፕላስቲክ ወደሚሠራበት ኬሚካል እንዴት እንደሚቀየር፣ ደረጃ በደረጃ፣ በቀስት። ቀስቱ ኤሌክትሮን ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ያሳያል። መርማሪው ግን ሰው ከየት ወዴት እንደሚላክ የሚያሳይ መሰለው።

ክፍሉ ውስጥ የወሎ ተወላጅ የሆኑ ሽማግሌ በያጅ ነበሩ። ነገሩን ሳጫውታቸው ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ስኳር ፌስታል ይሆናል? እኔ የማውቀው ፌስታል ስኳር ሲይዝ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ተጠራሁ። መርማሪው በዕድሜ ያንሰኛል። ደብተሩን ገልጦ ጣቱን አንድ ፊደል ላይ ተከለ።

«ይሄ ማነው?»

«ሃይድሮጅን ነው።»

በጥፊ አጮለኝ። «ቅጽል ስሙን አልጠየቅኩህም።»

ከዚያ ገመዱ መጣ። አንገቴን፣ ጀርባዬን፣ ውስጥ እግሬን ገረፈኝ። ከከንፈሬ የወረደው ደም ገጹ ላይ ነጠበ። ገጹን ሊያገላብጥ ሲል ግን ጠርዙ ላይ በቀይ የተጻፈውን አየ፦ «መምህር፣ ይሄ ቀስት ተገልብጧል።»

የጻፈችው ማስተርሷን የምትሠራ ተማሪዬ ነች። ስሕተቴን አርማልኝ ነበር። ስሟን ብጠራ በዚያው ቀን ከሰዓት እዚያ ሲሚንቶ ላይ እንደምትወድቅ አውቃለሁ።

«ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«ራስህን መምህር ትላለህ?»

«ሌላ የሚለኝ ሲጠፋ ምን ላድርግ?»

ለዚች ቀልድ ዋጋዋን በገመዱ ከፈልኩ።

«ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አለህ?»

«ግራኝ ነኝ።»

ይህስ እውነት ነው። ልጅ ሳለሁ በግራ እጄ ስጽፍ የኔታ በአለንጋ ገርፈው ወደ ቀኝ አዞሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ በግራዬ ጽፌ አላውቅም። መርማሪው ቀይ እስክሪብቶ ወረወረልኝ። ከጽሑፏ ሥር ያንኑ ዓረፍተ ነገር በግራ እጄ ጻፍኩ። አንዱን ከሌላው አስተያየ።

«አይመሳሰልም።»

«እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ግራ እጄን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስይዞ በዱላ መታው። መጀመሪያ የጣቶቼን መሰበር ሰማሁ፣ ሕመሙ ኋላ መጣ። ጮህኩ።

«የማን ነው?»

«የእኔ!»

ደገመው። ስሟ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጀግና አይደለሁም፤ አንድ ጊዜ ጨምሮ ቢመታኝ ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር። እሱ ግን ደክሞት ዱላውን ጣለ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሽማግሌው የሽርጣቸውን ጫፍ ቀደው ጣቶቼን አሰሩልኝ። ከቤታቸው ከመጣላቸው ስኳር በጥብጠው ኩባያውን አፌ ላይ ያዙልኝ።

«ጠጣ ልጄ። ለዛሬ እንኳ ስኳሩ ስኳር ይሁን።»

አለቀስኩ።

ስፈታ ደብተሩን ከልብሴ ጋር መለሱልኝ። ተማሪዬ ዛሬ እዚያው ትምህርት ክፍል ታስተምራለች። ያን ታሪክ ነግሬያት አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቿ ብላ ደብተሩን ተዋሰችኝና ቢሮዬ ቁጭ ብላ ስታገላብጥ የራሷን ቀይ ጽሑፍ አግኝታ ደስ አላት። ከዚያ ከሥሩ ያለውን አየች።

«ይሄኛውስ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ» አልኳት። ለዚህ ጥያቄ እውነቱን ስመልስ የመጀመሪያዬ ነው።

«ዶሮ የጫረው እኮ ነው የሚመስለው፣ መምህር!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ፣ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ እንደከተትኩ።