ክሊፍና ሁለቱ ዓይኖቹ

ክሊፍ ሆሊንሬክ ማንቸስተር ውስጥ እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት በምሠራበት ቤተ ሙከራ መላጥ ነበር ሥራው። የእርሳስ እንጨት ውስጥ ያለውን ግራፋይት በስኮች ፕላስተር ይልጣል፤ የላጠውን ደግሞ ይልጣል። ግራፊን የሚሉት ስሱ ሲቀርለት ሲሊከን ላይ ለጥፎ በማይክሮስኮፕ ያያል። የቀለሙን ድምቀት አይቶ ይቺ አንድ ንብርብር ናት፣ ይቺ ሁለት ናት ይላል። ማሽን ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን እሱ ሻዩ ሳይበርድ ይጨርሰዋል። ትዕቢቱን አትጠይቁኝ። ክሊፍ ካለ አለቀ፤ ማንም ደግሞ አይመረምርም።

ዶክተር ሮዊና ፔንኬት የምትፈልገው ሁለት ንብርብር ነው። ሁለቱን ከላይና ከታች በኤሌክትሪክ መስክ ስትጫናቸው ኤሌክትሮኖቹ መንገድ ይዘጋባቸዋል፤ ፍሰቱም ይሞታል። ነጠላው ግን ምንም ቢጭኑት ያሳልፋል።

በሚያዝያ ክሊፍ የቀኝ ዓይኑን ሞራ አስገፈፈ። ለማንም አልተነፈሰም፤ ብላክፑል ለዕረፍት የሄደ አስመሰለ። ከዚያ በኋላ የሰጣት ስድስት "ሁለት ንብርብሮች" መስኩን ከቁብ አልቆጠሩትም። ሮዊና በደስታ ልታብድ ደረሰች። መጻሕፍቱ ሁሉ ተሳስተዋል ማለት ነዋ! ለዐርብ ንግግር አዘጋጀች፤ ከለንደን ሳይቀር ሰው ጠራች፤ ኬክ አዘዘች።

ሐሙስ ጠዋት ብሎን ላደርስለት ስገባ ክሊፍ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን ይጨፍናል። አመዱ ቡን ብሏል። ግራው አንድ ይላል፤ ቀኙ ሁለት። ቆጠራውን የለመደው በሞራ ውስጥ እያየ ነበርና፣ አዲሱ ዓይን ሁሉን ስለሚያደምቅበት ነጠላውን ድርብ ሲያደርግ ከርሟል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የክሊፍ እውነት የጠራው በሐኪም ቢላዋ ነው።

ቢናገር ከወንበሩ ይነሳል፤ እኔ ዘንድ ብሎን ሲቆጥር ሊውል ነው። ዝም ቢል ልጅቷ ነገ በሰው ፊት ትዋረዳለች። እኔ ሳልጠየቅ ዝም በል አልኩት፤ እንዲህ ያለሁ ፈሪ ነኝ። እሱ ግን ተነሥቶ ወደ ሮዊና ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

"ልጄ፣ የሰጠሁሽ ሁሉ ነጠላ ነው" አላት። "ዓይኔን ታክሜ አበላሸሁት።"

"ስድስቱም?"

"ስድስቱም።"

ሮዊና ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። "ኬኩን እንኳ አይመልሱልኝም" አለች።

ክሊፍ የግራ ዓይኑን የሕክምና ቀጠሮ እንደሚሰርዝ ነገራት፤ በትክክል የሚቆጥረው እሱ ብቻ ነውና ሞራው እንዳለ ይቆይ አለ። እዚህ ላይ ነው የተቆጣችው።

"ለግራፊን ብለህ ልትታወር ነው? ሂድና አሠራው። ቆጠራውን እንደገና ትማራለህ፤ አጠገብህ እቀመጣለሁ።"

በሰኔ፣ በሁለት አዲስ ዓይን፣ ተማረ። የመጀመሪያዋን ሁለት ንብርብር ሲመርጥ እንደ ዱሮው አልደነፋም፤ በጣቱ ብቻ አሳያት። ሮዊና መስኩን ከፍ አደረገች። ፍሰቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ሊጠፋ ደረሰ። እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጫለሁ። ክሊፍ ግን ፊቷን ነው የሚያየው።

"ልክ ነኝ?" አላት።

ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። ልክ ነህ አለችው፤ ቀጣዩንም ሲሊከን አቀበለችው።