ለአንድ ሌንስ ከከሚሴ እስከ ፒያሳ

ከከሚሴ የወጣሁት ሰኞ ማለዳ፣ ሌንስ ልገዛ ነው። በደብዛዛ ብርሃን ያለ ፍላሽ ፊትን ጥርት አድርጎ የሚያወጣ፣ ግን ቤቴን የማያራቁት ዙም ሌንስ ፈልጌ።

ፎቶግራፍ ማንም አላስተማረኝም። ፊልም ማጠብን ካበላሸሁት ፊልም፣ ጥገናን ከፈታታሁት ካሜራ ተማርኩ። ዲጂታሉ ሲመጣም መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አሸነፍኩት። በጨፋ ሸለቆ ዙሪያ የእኔ ሥራ ያልተሰቀለበት ቤት ካለ፣ ያ ቤት ገና ሠርግ አልደገሰም።

ታዲያ ከማል መጣ። ከደሴ መጥቶ ከእኔ ፎቶ ቤት ፊት ለፊት ከፈተ። እንደ ጣሳ የወፈረ ሌንስ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቲማቲም ሲገዛ አይቼዋለሁ፤ ለቲማቲም!

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሀጂ አወል ቤት ግድግዳ ላይ ያየሁት ፎቶው ነው። የእህታቸው ልጅ በሠርጓ ዕለት፣ በሴቶቹ ዳስ ውስጥ፣ በአንዲት አምፖል ብርሃን ከልቧ ስትስቅ። በእኛ አገር ወንድ ፎቶ አንሺ የሴቶቹ ዳስ ውስጥ አይገባም፤ ደጃፍ ቆሞ ያነሳል። እኔ ከደጃፍ ፍላሽ ሳበራ ሁሉም ፊታቸውን ይሸፍናሉ፤ አልበሜ ሻሽና መዳፍ ብቻ ነው። ያን ሳቅ ሳይ የቀረበልኝ ሻይ ሳልጠጣው በረደ።

አሁን የምትዳረው የሀጂ አወል የራሳቸው ልጅ ናት። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ፣ «ሐሙስ ሙሽራዋ ሂና የምትቀባበት ማታ ነው። ሁለታችሁም አንሱ፤ ፎቶው ያማረልን ሠርጉንም ያነሳል» አሉ። የሀጂን ሠርግ ያነሳሁትን እኔን ከከማል ጋር አወዳደሩኝ! ይህ ሠርግ ካመለጠኝ ሌላውም ሁሉ ተከትሎት እንደሚሄድ አውቄ፣ በማግሥቱ ወይፈኔን ሸጥኩ።

ባለቤቴ ሐዋ ጭኮ ስትቋጥርልኝ፣ «አባ ሙሐመድ፣ ነገሩ መቼ የሌንስ ብቻ ሆነ?» አለችኝ።

«አንቺ ስለ ሌንስ ምን ታውቂያለሽ?» ብያት ወጣሁ።

መንገድ ላይ

ለአዲስ አበባ ሚኒባስ መቶ አሥር ብር ከፈልኩ። የጨፋ ማሽላ ራሱን ጥሎ ግራና ቀኙን ሞልቶታል። ሰንበቴ ላይ አንድ የፍየል ነጋዴ ተሳፍሮ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አካም ጅርታ ኦቦ? ወዴት ነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«ለመስታወት ወይፈን ሸጥክ? ወይፈን እንኳ ያርሳል። ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ከማል የሚባል ሰው ይገለብጣል» አልኩት።

«ዱጋ! እውነትክን ነው!» ብሎ ጭኔን መታኝና እስከ ሸዋ ሮቢት ሳቀ።

ደብረ ሲና ላይ በመስኮት ቆሎ ገዛን። ጣርማ በር ዋሻ ስንገባ ካሜራዬን አውጥቼ ሹፌሩን አነሳሁት፤ እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ። ሌንስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ዐይኑ ሰፊ ነው፤ ብርሃን አብዝቶ ያስገባል። የእኔ አሮጌ ዙም ሲሳብ 5.6 ይሆናል። የከማል የትም ቢሳብ 2.8 ነው። በጨለማው ውስጥ ቅናቴ እንደ ቃር አቃጠለኝ።

ፒያሳ

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሱቅ ዞርኩ። የከማል ዓይነቱ ሃያ ስምንት ሺህ ብር ነው። ይህን ስሰማ በሌንሱ ሳይሆን በኪሱ ቀናሁ።

በሦስተኛው ሱቅ ያለው ጎልማሳ አንድ ረጅም ዙም አወጣልኝ። «አባባ፣ ይሄ ከዚህ ቆመው ቦሌን ያነሳል፤ ርካሽ ነው።»

«ረጅም ነው እንጂ ዐይኑ ጠባብ ነው። እኔ ቦሌ ምን አለኝ? 2.8 አምጣ፤ ሌላ ፋብሪካ የሠራው፣ ያገለገለ ቢሆንም ግድ የለኝም።»

አጠር ያለ፣ ከ17 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚደርስ አቀረበልኝ። ከአምፖሉ ፊት ይዤ ሻጋታ ፈለግሁ። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅሁት። የዙሙን ቀለበት አዞርኩ፣ አፉን አየሁ፣ ኋላውን አየሁ።

«አባባ፣ በሬ መሰለዎት እንዴ?»

«በሬ ቢሆን ጥርሱን ቆጥሬ በጨረስኩ» አልኩና ሻጩን ደረጃው ሥር ጨለማ ውስጥ አቁሜ አነሳሁት። ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ወጣ። ስድስት ሺህ ተኩል ብሎ የጀመረውን በአምስት ሺህ ስምንት መቶ ጨረስን። ሰውየው «የት ተማሩ?» ሲለኝ «እኔ ነኝ የማስተምረው» ብዬ ወጣሁ። ረቡዕ ከሚሴ ስገባ ሚኒባሱ በከማል ሱቅ ፊት ሲያልፍ ሌንሱን በመስኮት ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

ሐሙስ

ከመግሪብ ሶላት በኋላ በሴቶቹ ዳስ ደጃፍ ቆምኩ። ሌንሱ እንደገመትኩት ሆነ፤ ያለ ፍላሽ ብርሃኑ በቃኝ። ግን ሴቶቹ ሙሽራዋን ከበው ተቀምጠዋል፤ የሚታየኝ ጀርባ ብቻ ነው። እጅግ ጥርት ያለ ጀርባ አነሳሁ።

ከማልን በዐይኔ ስፈልገው ወንዶቹ መካከል ያለ ካሜራ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል! ወዲያው የዳሱ መጋረጃ ተገለጠና ሚስቱ ፋጡማ ያን ጣሳ የሚያክል ሌንስ አንገቷ ላይ አድርጋ ብቅ አለች። «ባትሪ አምጣ» አለችው። ሰጥቷት ወደ ሻዩ ተመለሰ።

የእኔዋ ሐዋም ከኋላዋ ወጣች።

«ይሄን ታውቂ ነበር?»

«ሴቱ ሁሉ ያውቃል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ስል ስለ ሌንስ ምን ታውቂያለሽ አልከኝ። በል አምጣው።»

2.8 ላይ አድርጌ፣ ማየትና መጫን ብቻ እንዲቀራት አስተካክዬ ሰጠኋት። መጋረጃው ተዘጋ። እኔም ሄጄ ከማል አጠገብ ሻይ ጠጣሁ።

ማታውን የሐዋን ፎቶዎች ከፈትኩ። በአንዷ ላይ ሙሽራዋ ሁለት እጇ በሂና ተለውሶ አፍንጫዋን በልቷታል፤ እናቷ እትዬ ዘይነባ ያኩላታል፤ ሁለቱም በሳቅ ሊፈነዱ ነው። በማግሥቱ ጎን ለጎን ሲታይ፣ የፋጡማ ፎቶዎች ላይ ሙሽራዋ ተስተካክላ ተቀምጣለች። እትዬ ዘይነባ የሐዋን አይተው እስኪያለቅሱ ሳቁ።

«ሠርጉን ሐዋ ታንሳ።»

«እኔስ?»

«አንተ ወንዶቹን።»

ሌንስ ልትገዙ ለምትነሡ ምክሬ ይህ ነው፦ ካሜራው የት እንደሚቆምና በማን እጅ እንደሚያዝ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ለእኔ ተዉት፤ ከእኔ የሚበልጥ አታገኙም። በከማል መቅናቱንም ትቻለሁ። ሐዋ ግን ትናንት ሌንሱን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቲማቲም ልትገዛ ወጣች።