ወንዙን ያልተሻገረው ወንድሜ

ባለፈው ሳምንት ውሻ ያለው ሁሉ ውሻውን አስሮ ለክትባት እንዲያመጣ በቀበሌያችን በድምፅ ማጉያ ተነገረ። እኔም የኔን በገመድ ይዤ ወጣሁ። ጎረቤቴ ሰይድ ደጁ ላይ ተቀምጦ ማንጎ ይልጣል።

«ጋሽ ሁሴን፣ እኛ ስንታመም ብቻችንን ነው የምንሄደው። የእርስዎ ውሻ እኮ አስታማሚ አለው» አለኝ።

ሳቅሁለት። ውሾቹን የሚከትበው ሐኪም ልጅ እግር ነው። ወግቶ ሲጨርስ፣ «አባባ፣ ውሻው ሁሉ ቢከተብ ይሄ የእብድ ውሻ በሽታ ካገር ይወጣል» አለኝ። «ኢንሻ አላህ» ብዬው ተመለስሁ። ቀኑን ሙሉ ግን ሰው ሲያወራኝ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ወንድሜ ኡመር በሦስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ያኔ እኔ አሥራ ሰባት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን ከሮቢ ወንዝ ወዲህ፣ ከተማው ደግሞ ወዲያ ማዶ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ማሽላው ሊታጨድ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ማማ ላይ ሆነን ወፍ እንጠብቃለን፤ ወፉ ፋታ ሲሰጠን ጥንቅሽ እንመጥጣለን። የጥንቅሽ አገዳ ጣፋጭነቱ መልካም ነው፤ ከንፈርን ግን እስከ ማታ ያጣብቃል።

አንድ ቀን በመንገዱ በኩል ቀይ ውሻ መጣ። አይጮህም። ለሃጩ ይንጠባጠባል። ከማማው ስወርድ ባቴን ያዘኝ። ኡመር ሊያላቅቀኝ ሲታገል እጁን ነከሰው። ውሻውን ጎረቤት ተሰብስቦ በዱላ ገደለው።

ያበደ ውሻ የለከፈው ሰው ያን ጊዜ የሚሄደው ወደ መድኃኒት አዋቂው ወደ ጋሽ ይማም ነበር። ሥር ደቁሰው በፍየል ወተት አጠጡን። «አርባ ቀን ውሃ እንዳትሻገሩ» አሉን። «የተሻገረ እንደሆነ መድኃኒቱ ይፈርስበታል፤ እኔም የለሁበት።» ከተማው ጤና ጣቢያ መርፌ እንዳለ ሰምተናል። ግን ማዶ ነው፤ ውሃ አለው።

በአምስተኛው ቀን የአምና ማሽላ የጫነች አህያችንን ስነዳ ወደ ወንዙ ገባችብኝ። እህሉ እንዳይርስ ብዬ ተከተልኋት። ማዶ ወጥቼ ጭነቱን ሳቃና ነው ትዝ ያለኝ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን እንኳ አላለፈም ነበር።

ቤት ገብቼ ስናገር እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጋሽ ይማም ተጠርተው መጡ፤ እግሬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ፣ «እንግዲህ የዚህኛው መድኃኒት ከፈረሰ ፈረሰ። ወደ መርፌው ይሂድ» አለ። እንዲያ ነው ሐኪም ቤት የሄድሁት፤ ተስፋ ስለተቆረጠብኝ።

መርፌው በየቀኑ እምብርት ዙሪያ ነው። ሁለት ሳምንት ተመላለስሁ። ነርሷ በመጀመሪያው ቀን፣ «ሌላ የተነከሰ አለ?» አለችኝ።

«ወንድሜ አለ።»

«ነገ ይዘኸው ና።»

ማታ ነገርኋቸው። አባቴ፣ «ሁለታችሁንም አላጣም። እሱ መድኃኒቱን ጠብቋል፣ ይጠብቅ» አለ። ኡመርም፣ «አንተ አፍርሰህ መጥተህ ደግሞ የኔን ልታፈርስ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩን ደግሜ አላነሳሁትም። እኔም መድኃኒቱን አምን ነበር፤ የምሞተው እኔ ነበርኋ።

በየማለዳው እስከ ወንዙ ይሸኘኝ ነበር። እርጥብ ድንጋይ ሳይረግጥ ደረቁ አሸዋ ላይ ይቆማል። «ዛሬስ ሆድህን የት ጋ ሊወጉህ ነው? ወንፊት ሆነሃል እኮ» ይለኛል። ማዶ ወጥቼ ዞር ስል እንደቆመ ነው። ስመለስም እዚያው አገኘዋለሁ።

ቤት ውስጥ ሁሉም የሚያየው እኔን ነበር። ሲያስለኝ እናቴ ከእንቅልፏ ትባንናለች። ሥጋውም ወተቱም ለኔ ይሰጠኛል፤ ለሚሞት ሰው አይሰሰትም። ኡመርን ያየው አልነበረም።

አርባው ቀን ሞላለት። ወንዙን እየዘለለ ተሻገረ፤ እናቴ እልል አለች። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ የተነከሰ እጄን ይበላኛል ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ትኩሳት መጣ። ውሃ በጣሳ ስሰጠው ጉሮሮው ተያዘ፤ ጣሳውን ገፋው። ደግሜ ይዤለት ስቀርብ አይኑን ከውሃው አዙሮ፣ «ሁሴን፣ አርቀው በአላህ» አለኝ። አራት ቀን ነው የቆየው።

ጋሽ ይማም ቀብሩ ላይ አፈር አለበሱት። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርድ ነበር። መድኃኒቱን ግን መስጠት አልተዉም። የሰፈሩ ሰው፣ ታናሹ ሲሻገር እያየ በመቆሙ ውሃው በአይኑ ገብቶ ነው አለ። እኔ አላለቀስሁም። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም። በሳልስቱ ማሽላውን ወቃን።

አሁን ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። ልጆቼ እነዚያን ሰዎች ትወቅሳለህ ወይ ይሉኛል። ማንን? ሁሉም ለኛ የሳሱ ነበሩ። ኡመርም የታዘዘውን ነው የፈጸመው፤ አንድ ቀን እንኳ አላጓደለም። የተነከሰ ሰው ሲያጋጥመኝ ቁስሉን በሳሙና ታጠብና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ እላለሁ። ወንድሜን አላነሳም፤ እሱን ካነሳሁ እንዴት እንደተረፍሁ መናገር አለብኝ።

ይሄን ሁሉ ዘመን የኖርሁት አንድ ቀን ትእዛዝ ስለረሳሁ ነው። ለዚህ አልሐምዱሊላህ ማለት ተገቢ ነው፤ እላለሁም። ብዬ ስጨርስ ግን ኡመር የሰማኝ ይመስለኛል።