ያልቀላውን እሸት የደበቅኩ ጊዜ

እኛ ጋ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከጫካው ለመውጣት አይቸኩልም። ዛፉ መጀመሪያ፣ ቤቱ ቀጥሎ፣ ሰው መጨረሻ ነው የሚታየው። ልጄን ሳስባት እንዲያ ሆና ነው የምትመጣልኝ፤ ድምጿ ይቀድማል፣ ከዚያ ቅርጫቷ፣ ከዚያ እሷ።

ማሳችን ከቴፒ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ነው። ልጄ ባሏን ከፈታች ወዲህ እኔ ጋ ናት፤ ቡናውን የምትይዘውም እሷ ናት። እኔማ ጉልበቴ ደክሟል፤ ከጥላው ሥር እየተዘዋወርኩ ወፍ አዳምጣለሁ።

የዚያን ዓመት ክረምቱን ተኝታ ከረመች። ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዝናቡን ትሰማለች። «ተነሽ ልጄ፣ ፀሐይ ወጣች» ስላት «ለማን ብላ?» ትለኛለች። አንድ ቀን ደግሞ «እማዬ፣ ተኝቼ ባልነቃ ምን አለበት?» አለችኝ። ጠበል ወሰድኳት፤ መውሰዴ አይቆጨኝም፤ የተናገረችውን ግን ለማንም ሳልነግር ዋጥኩት።

የቡናው እሸት መቅላት ሲጀምር ብድግ አለች። ተመስገን አልኩ። ሳቅ ብቻ፣ ዘፈን ብቻ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ተረሳ። ስታወራ ቃሉ ቃሉን ይረግጠዋል፤ ሚዛን ከተማ ላይ ፎቅ ልትሠራ፣ ከፎቁ ሥር ሆቴል ልትከፍት። እኔም አፌን ከፍቼ እሰማት ነበር፤ ፎቁ ያለቀ መስሎኝ በሐሳቤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ መንገደኛውን አያለሁ።

ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ለደቦ መጥታ «እትዬ፣ ልጅሽ ሞተር አስገጠመች እንዴ? የሦስት ሰው ለቀመች እኮ!» አለችኝ።

«ዓይንሽን ሰብሰብ አርጊ!» አልኳት ደስታዬን ደብቄ።

ያን ዕለት ገና ሳይመሽ፣ ቅርጫቷን ቡና ማስጫው አልጋ ላይ ስገለብጠው፣ ከቀዩ ሥር አረንጓዴው ዝርግፍ አለ። ከነቅጠሉ ነው የሸመጠጠችው። እኛ ጋ ያልቀላ እሸት መንካት የሕፃን ጥፋት ነው፤ ያውም ሌላውን ለቃሚ የምትቆጣው እሷ ነበረች። ታዲያ እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? አረንጓዴውን አንድ በአንድ ለየሁና በጎደሬ ቅጠል ጠቅልዬ አጥር ሥር ቀበርኩት። ሰው እንዳያይባት። በማግስቱም፣ በሳልስቱም እንዲሁ።

በአራተኛው ቀን የጎረቤቴን ማሳ ገብታ ሸመጠጠች። ጎረቤቴ መጣች። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ቡናው ይቅር። ልጅቷ ግን ደህና አይደለችም። የእህቴ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሕክምና ነው የመለሰው።»

ደስ ያለውን ሰው እንዴት ሐኪም ቤት እንሂድ ይሉታል? ልጄ ሳቀችብኝ፤ ቀጥላ ተቆጣች።

«ስተኛ ዝም ብለሽ፣ ስነሣ ሐኪም? አሁን እኮ ነው የዳንኩት!»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ያኔ መውሰድ ነበረብኝ» አልኳት። «አሁን ለእኔ ስትይ ነይ። እንቅልፍ እንዲሰጡሽ እንጠይቅ።»

እሰሯት የሚሉም ነበሩ። እኔ እጇን ብቻ ይዤ ሚኒባስ ገባን። ሚዛን እስክንደርስ አፏ አላረፈም።

የሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ወጣት ነው። «እማማ፣ መቼ ጀመራት?» አለኝ።

«ወሩን አላውቅም ልጄ፤ በቡናው ልንገርህ። አበባው ሲረግፍ ዝም አለች። ፍሬው ሽምብራ ሲያህል ተኛች። ሲቀላ ተነሣች።»

«አምናስ?»

አምናም እንዲሁ ነበረች። አምና እሸቱ ሲቀላ ልብሷን ሁሉ ለመንገደኛ አድላ ነበር፤ እኔ ደግነት ብዬዋለሁ። መተኛቷና መነሣቷ አንድ ሕመም መሆኑን ያን ጊዜ አየሁት። አለመንቃት መመኘቷንም፣ የቀበርኩትንም ነገርኩት።

ልጄ ዞር አለች። «አረንጓዴውን ትለቅሚልኝ ነበር?»

«አዎ።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች።

ባይፖላር ይባላል አለን። እርግማን አይደለም፤ እንደ ስኳር በሽታ ክትትል ይፈልጋል፤ ዳንኩ ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም። ያ የሞት ሐሳብ ከመጣባት ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ኑ አለ። መድኃኒቱ መጀመሪያ አፈዘዛት፤ ተመላልሰን አስተካከሉላት። አንዴ ዳንኩ ብላ ትታው ሕመሙ ተመለሰባት፤ እንደገና ጀመረች።

ዘንድሮ አንድ ጠዋት ጓሮ ስዞር መጣች። ዓይኗ ያበራል።

«እማዬ፣ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ሐሳቤ መሮጥ ጀምሯል። ቀጠሮዬ ገና ሳምንት ይቀረዋል፤ ዛሬ እንሂድ?»

«ቡናውስ? ሊቀላ ነው እኮ» አልኩ እኔ ሞኟ።

«ይቅላ! እሱ ሐኪም አላስፈለገውም» አለችና የሐኪም ቤት ካርዷን ልታመጣ ገባች። እኔም ለመንገድ ምሳ ቋጠርኩ።