የካሰች ክላክስ

እህቴ ካሰች ጅቡቲ አገር፣ ታጁራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰው ቤት ትሠራለች። ለበዓሉ አሠሪዋ ጥቂት ቀን ፈቃድ ስትሰጣት በጀልባ ወደ ትልቁ ከተማ ተሻገረች። «ሱቁንም ሕንፃውንም አይተሽ ታወሪልኛለሽ» አልኳት በስልክ። እሷ ግን በዓሉን የከባድ መኪና ማቆሚያ ስትዞር ዋለች። ስሰማ በገንኩ።

ከዚያ እኛ አዋሽ ላይ ሰላም አጣን። ከጅቡቲ የሚመጣው መኪና ሁሉ ደጃችን ሲደርስ ክላክስ ያደርጋል። እማዬ ድሮም የመኪና ጩኸት አትወድም፤ «ምን ዓይነት ጥጋብ ነው!» እያለች ነጠላዋን ሳትደርብ ወጣች። አንዱ ሹፌር ቀዝቀዝ አለና በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እማማ፣ ካሰች ናት! ኒም ዛፍ ያለበት ቤት ስትደርሱ እናቴን ሰላም በሉልኝ ብላን ነው» አላት።

እማዬ በርጩማዋን ከቤት አውጥታ ዛፉ ሥር አኖረች።

በዓሉ ካለፈ ሰነበተ፤ ካሰችም ታጁራ ተመልሳለች። እማዬ ግን አሁንም እዚያው ትቀመጣለች። አንድ መኪና ሳይጮህ ካለፈ በዓይኗ ትሸኘውና፣ «ይሄኛው አላገኛትም» ትላለች።