በቁሜ የተለካሁ ዕለት

የመኝታ ተሳቢ ላሠራ ነው ብዬ ስናገር ያልሳቀብኝ የቦንጋ ሰው ጥቂት ነው። ይሳቁ። ሠላሳ ዓመት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ የክትባት ሣጥን ተሸክሜ ከደካ እስከ ዋጫ ስዞር ያደርኩት በቀበሌ ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ፣ በሰው ጓዳ፣ አንዳንዴም ከጥጃ ጋር ነው። ጡረታ ስወጣ እነዚያን ቦታዎች እንደገና ማየት አማረኝ፤ ግን በራሴ አልጋ፣ ከውስጥ በምቆልፈው በራሴ በር። ይኼ ምኑ ነው የሚያስቀው?

ነገሩን መጀመሪያ ያየሁት በስልኬ ነው። ከመኪና ኋላ የምትጎተት፣ ሁለት ጎማ ያላት፣ ከፊት ድብልብል ብላ ወደ ኋላ የምትቀጥን፣ የውሃ ጠብታ የመሰለች ትንሽ ቤት። ውስጧ ፍራሽ ብቻ ነው። የኋላ ክዳኗ ሲነሳ የምድጃ ቦታና መደርደሪያ ይወጣል። ቆሞ መሄድ የለም፣ ገብቶ መተኛት ነው። የሒሳብ ደብተር ገዝቼ ሁለት ወር ሙሉ ሣልኩ፣ ፋቅኩ፣ እንደገና ሣልኩ። ባለቤቴ ሲሞት በስሜ የዞረች አሮጌ ፒካፕ አለችኝ፤ መንጃ ፈቃድም አለኝ።

ችግሩ ታላቅ ወንድሜ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ የእኔን ነገር የሚወስነው እሱ ይመስለዋል። ሳይጠይቀኝ ለመኪናዋ ገዢ አገኘ፤ ሰውዬው ቅዳሜ ከጅማ መጥቶ ሊወስዳት ነው። "በዚህ ዕድሜሽ መኪና ምን ያደርግልሻል? ገደል ልትገቢ ነው? እኔ ግቢ ሁለት ክፍል አለ፣ መጥተሽ አርፈሽ ተቀመጪ" አለኝ በስልክ። መኪናዋ ከሄደች ተሳቢዋን ማን ሊጎትታት ነው? በሬ? "ጋሼ፣ መኪናዬ አትሸጥም" አልኩት። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብሎ ተረተብኝ። "ሊብሬው በእጄ ነው፤ ሞኝ ነሽ ካልከኝ ደግሞ ሁለቱም አለኝ ማለት ነው" አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ስለዚህ ቅዳሜ ሳይደርስ ዕቃውን ሰብስቤ ግቢዬ ልቆልለው ወሰንኩ። የተቆለለ ዕቃ ያየ ሰው ወሬ ብቻ ነው አይልም። ለእግሯ የሚሆን የተገለበጠ ሚኒባስ የኋላ አክስል ከነባሌስትራው አንድ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁ። የጋራዡ ልጆች ወንድ የላከኝ መስሏቸው "ሰውየው ራሳቸው መጥተው ይዩት" አሉኝ። "ሰውየው እኔ ነኝ" አልኩና ጎንበስ ብዬ ጎማውን አሽከረከርኩት። የግራው ኩሽኔታ ያጉረመርማል። ዕድሜዋን ሙሉ የላም ሆድ ስታዳምጥ የኖረች ሴት ይኼ ያመልጣታል? ኩሽኔታውን ቀይራችሁ ሐሙስ አዘጋጁልኝ ብዬ ወጣሁ።

ማጠፊያና ቪቴ የገዛሁት የዕቃ መደብር ካላቸው ሀጂ ነው። ከዕቃ ሻጮቹ ሁሉ ያልሳቁብኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ደብተሬን መነጽራቸውን አድርገው አዩና "ዝናቡስ?" አሉኝ። የኋላ ክዳኑ ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ለካ ክፍት ትቼዋለሁ። የቦንጋን ዝናብ እያወቅኩ! "የሚኒባስ በር ጎማ ያዙሩበት። እኔ ጋ የለም፣ ጋራዥ ይጠይቁ" አሉኝ። እንዲህ ያለ ነጋዴ ይባረክ።

ሐሙስ ጠዋት ለግድግዳዋ የገዛሁትን ኮምፐርሳቶ በፒካፗ ጭኜ አናጺው ዘንድ ሄድኩ። በሰፈራችን አልጋም፣ ወንበርም፣ የሬሳ ሣጥንም የሚሠራው እሱ ነው። ደብተሩን ገልጦ ገልጦ ሲያበቃ "እትዬ፣ ቁመትዎ ስንት ነው?" አለኝ።

ጉድ ፈላ። የጎማውን ስፋት ጽፌያለሁ፣ የምድጃውን ከፍታ ጽፌያለሁ፣ የምትተኛዋን ሴት ቁመት ግን የትም አልጻፍኩም። የስንቱን ጊደር ቁመት መዝግቤ የራሴን አላውቀውም። "እንግዲያው ለካኝ" አልኩት። እሱ ግን ሜትሩን ኪሱ ከተተ። በሕይወት ያለ ሰው ለሣጥን እንደማይለካ፣ አባቱም ለክቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ሣጥን ሳይሆን መኝታ ነው ስለው "ክዳን አለው አይደል?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። ነጠላዬን አጣጥፌ አስቀመጥኩና ሰጋቱራው ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። "ከራሴ በላይና ከተረከዜ በታች በጠመኔ አስምር። እኔ ስነሳ የምትለካው ወለሉን ነው" አልኩት። ወለል መለካት ነውር አልሆነበትም፤ ተስማማ። ሁልጊዜ እንደምተኛው ልተኛ ብዬ እጆቼን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ ሰጋቱራው እንዳይገባብኝም ዓይኔን ጨፈንኩ። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች በዚያ እንደሚያልፉ አላሰብኩም።

ቦንጋ ውስጥ ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ኮምፐርሳቶውን ትቼለት፣ ጋራዥ አልፌ አክስሉንና የበሩን ጎማ አስጭኜ ቤቴ ስደርስ የእድራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራፌ ላይ ቆመዋል። አራት ወንዶች የድንኳኑን ብረት ተሸክመው መጥተዋል። አንዷ እኔን መሪው ላይ ስታይ "አበስኩ ገበርኩ" ብላ አማተበች። ማን ሞተ ብዬ ጠየቅሁ። የእድሩ ሰብሳቢ፣ ሽማግሌው፣ በከዘራቸው ተደግፈው ቀረቡኝ። "አናጺው ቤት ስትለኪ ታየሽ ተባለ። ግማሹ ሞታለች አለ፤ ግማሹ ክፉ በሽታ ይዟት በቁሟ ሣጥኗን አዘዘች አለ" አሉኝ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ወንድሜ ደረሰ። ከባጃጅ ወርዶ እየሮጠ፣ አንድ እግሩ ባዶውን። እሱን ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ሁለት ትከሻዬን ይዞ "ታመሽ ነው? ለምን ደበቅሽኝ?" እያለ አለቀሰ። አንጀቴን በላው። አቅፌው ደህና እንደሆንኩ፣ የተለካሁትም ለተሳቢዋ መኝታ እንደሆነ ነገርኩት። ነገሩ ሲገባው እንባውን ሳይጠርግ ፊቱ ተለዋወጠ። "በቃ፣ ሰው መሳቂያ አደረግሽን። ቅዳሜን አልጠብቅም፣ ነገ ትወሰዳለች። ቁልፉን አምጪ" ብሎ እጁን ዘረጋ።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ጫማዬን የገዛልኝ እሱ ነው። ይኼ እጅ ሲዘረጋ እምቢ ብዬ አላውቅም። ቢሆንም ቁልፉን ጭብጥ አደረግሁት።

"ጋሼ፣ ስሞት ሣጥኔን አንተ ታሠራለህ፤ የፈለግኸውን ያህል አስረዝመው፣ አልከራከርህም። አሁን ግን አለሁ። የምተኛበትን የማስለካው እኔ፣ የምሄድበትን የማውቀው እኔ ነኝ። ቁልፉን አልሰጥህም" አልኩት።

እኔም ድፍረቱ ከሄደ አይመለስም ብዬ ወደ ባለድንኳኖቹ ዞርኩ። "ለእኔ ብላችሁ ከመጣችሁ አይቀር፣ ይኼን አክስል አውርዱልኝ" አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ሽማግሌው በከዘራቸው ወደ መኪናዋ ሲያመለክቱ ብረታቸውን አስቀምጠው መጡ፤ ሴቶቹም ነጠላቸውን አስተካክለው የበሩን ጎማና ማጠፊያውን ተቀባበሉ። ሊቀብረኝ የመጣ ጉልበት ሁሉ ዕቃዬን ወደ ግቢዬ አስገባልኝ።

ወንድሜ በአንድ ጫማ በሩ ላይ ቆሞ አክስሉ ሲያልፍ አየው። ከዚያ ስልኩን አወጣና ጀርባውን ሰጠኝ። "ነገም፣ ቅዳሜም እንዳትመጣ" አለ። የጅማው ሰውዬ ምን እንዳለው አልሰማሁም። ወንድሜ ግን፣ "ምን ላድርግህ፣ ባለመኪናዋ አልሸጥም ብላለች" አለው።